በእርሳስ የተጻፈ ሁለት መቶ

ሚዛኑ መቶ ኪሎ ላይ ቆመ። አሰልጣኟ ጎንበስ ብላ ደግማ አየችው። ያው መቶ ነው። ይኸው ሰውዬ ከሁለት ሳምንት በፊት እዚሁ ሚዛን ላይ ሲቆም መቶ አምስት ነበር። በዐሥራ አራት ቀን አምስት ኪሎ! ሌላ አሰልጣኝ ቢሆን አጨብጭቦ "ጎበዝ" ይለው ነበር። እሷ ግን አላጨበጨበችም። ይህ ሰው እሷ በጻፈችለት ቁጥር አምስት ኪሎ ቀርቶ አንድ ኪሎ እንኳ በወጉ መቀነስ እንደማይችል ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

"ቀነስኩ አይደል?" አለ ድብዬ ከሚዛኑ ሳይወርድ። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

"ቀንሰሃል። ምን አድርገህ ነው?"

"ምን አደርጋለሁ? አንቺ ያልሽኝን ነዋ።"

ተያዩ። ሌላ ጊዜ እንዲህ ሲተያዩ ሁለቱም ምን እንደሚሉ ጠፍቷቸው የሆነ ያልሆነውን ይቀባጥሩ ነበር። ዛሬ እሱ ቀድሞ ዐይኑን ሰበረና ወደ መሮጫው ማሽን ሄደ። ሲራመድ ግድግዳውን ዳበስ አደረገ። እሷም አየች።

ታሪኩን ከመሃል የያዛችሁ እንዳትቸገሩ ነገሩ እንዲህ ነው። ድብዬ የአንድ ትልቅ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሠራተኞች መመገቢያ ዋና ሼፍ ነው። ስድስት መቶ ሰው በቀን ያበላል። ስሙን ያወጡለት የሽንኩርት ከታፊዎቹ ናቸው፤ ግዙፍ ነው፣ ግን ዝንብ እሽ የማይል። እሷ ደግሞ እዚያው ሕንፃ፣ ከመመገቢያው በላይ ያለውን ጂም የምትመራ አሰልጣኝ ናት። ፊሽካ ከአንገቷ ስለማይለይ ራሷንም "ፊሽካ" ይሏታል። አባቷ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ልጃቸው ሕግ ትማርልኛለች ሲሉ ሰው በላብ ስታጠምቅ መዋሏ ራሱ እስከ ዛሬ ያንገበግባቸዋል። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ቤት ሼፍ እንዴት እንደሚታይ ገምቱት።

ከሰባት ሳምንት በፊት ድብዬ አንድ ወረቀት ይዞ ደረጃውን እያለከለከ ወጣ። አንድ የመርከብ ድርጅት ሼፍ አድርጎ ሊቀጥረው ነው። ለሁለት ዓመት ባሕር ላይ። ችግሩ የጤና ምርመራው ነው፤ በዐሥር ሳምንት ውስጥ ከመቶ ስድስት ወደ ዘጠና ስምንት ኪሎ መውረድ አለበት። "አንቺ ታወርጂኛለሽ ብዬ ነው" አላት። እሷ ደግሞ ምን ትላለች? "እንኳን ደስ አለህ" አለች። አፏ ነው ያለው፤ ፊቷ አላገዘውም።

የዚያን ቀን ደብተሯን አውጥታ አሰላች። አንድ ኪሎ ስብ ለማቃጠል ወደ ሰባት ሺህ ሰባት መቶ ካሎሪ ግድም ነው። ስምንት ኪሎ ስልሳ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ይሆናል። ለሰባ ቀን ሲካፈል በቀን ስምንት መቶ ሰማንያ። አምስት መቶውን በእንቅስቃሴ ያቃጥለዋል፤ የቀረውን ከሳህኑ ላይ ይቀንሰዋል። ከባድ ነው፤ ግን ይቻላል። ሒሳቡ እንከን አልነበረውም።

ከዚያ ካርዱን አወጣች። ጂሙ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው የሳምንት ካርድ አለው፤ በግድግዳው ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ በካርዱ ራስጌ በቀን የሚቃጠለውን ካሎሪ የምትጽፈው እሷ ናት። እርሳሷን አነሣች። ያ መርከብ ሁለት ዓመት አይመለስም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከታች የሚመጣውን የድስት ክዳን ድምፅ ሳትሰማ፣ ያን የሚያለከልክ ሳቅ ሳትሰማ ልትውል ነው። እጇ ሁለት መቶ ብሎ ጻፈ። "ሰውነትህ ከባድ ነው፤ ቀስ እንበል። ምግብህን እንደ ወትሮህ ብላ" አለችው። እሱም አመናት። ምርመራውን ይወድቃል፣ ትንሽ ያዝናል፣ ይቀራል፤ በቃ ይኸው ነው ብላ ራሷን አታለለች።

በካርዱ ጀርባ መጻጻፍ የጀመረው እሱ ነው። በሁለተኛው ሳምንት "ፊሽካ፣ ሼፍ ቀምሶ ነው የሚውለው። ዛሬ ስቆጥር አርባ ማንኪያ ቀመስኩ። ይቆጠራል?" ብሎ ጻፈ። አርባ ማንኪያ የሾርባና የሩዝ ቅባት ያን ሁለት መቶ ካሎሪ ጠራርጎ እንደሚመልሰው እያወቀች "አይቆጠርም፤ የማንኪያ ጫፍ ማንን አወፈረ?" ብላ መለሰችለት። ከሥሩ ድብ ሣለላት። ያን ድብ እያየች ስትስቅ ሰነበተች፤ ውሸቱ ግን ሥር እየሰደደ ነበር።

አሁን መሮጫው ላይ ሆኖ ይራመዳል። አሰልጣኟ ከጎኑ ቆማ ታየዋለች። ካርዱ ላይ የተጻፈው ሁለት መቶ ነው፤ የማሽኑ መስታወት ሁለት መቶ ሰማንያ ይላል። አላቆመም።

"በቃህ" አለች።

"ትንሽ ልጨምር።"

"ድብዬ፣ ውረድ ስልህ።"

"ሦስት ሳምንት ነው የቀረኝ፣ ፊሽካ። ሁለት ኪሎ ብቻ።" ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። ላብ የለውም። ይህን ያህል የሚራመድ መቶ ኪሎ ሰው ግንባሩ ደረቅ ነው። ያኔ ነው ነገሩ የገባት። ሰሞኑን ሠራተኛው ሁሉ "ሾርባው ጨው የለውም፤ ድብዬ ጨው ተወደደበት እንዴ?" እያለ ሲቀልድ አብራ ስቃለች። ጨው አልተወደደም። ሰውየው መቅመስ ትቷል። የማይቀምስ ሼፍ ደግሞ ምንም አይበላም ማለት ነው።

እጇን ወደ ቀዩ ማቆሚያ ስትሰድ እሱ ቀደማት። ጉልበቱ ከዳው፤ ያ ግዙፍ ሰው እንደ እህል ጆንያ ወለሉ ላይ ተዘረጋ።

ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ የለም። ደረቱ ላይ ጆሮዋን ደፋች። ልቡ ይመታል፤ አመታቱ ግን አንድ እርምጃ ሄዶ ሁለት እንደሚስት ሰው ነው። ፊሽካውን አፏ ውስጥ ከታ ነፋች። ከታች የድስቶቹ ድምፅ እስኪቆም፣ ሰዎች በደረጃው እየተንጋጉ እስኪመጡ ድረስ ነፋች። ተሸክመውት ሲወርዱም አላቆመችም ነበር፤ አንዷ ሽንኩርት ከታፊ ናት ፊሽካውን ቀስ ብላ ከከንፈሯ ያወጣችላት። "በቃ የኔ እህት፣ ሰምተናል" አለቻት።

* * *

የፋብሪካው ክሊኒክ መተላለፊያ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። አንዱ እግሩ አጭር ስለሆነ የተቀመጠ ሰው ሲንቀሳቀስ ይንቋቋል። አሰልጣኟ እንዳይንቋቋ ብላ ሳትነቃነቅ ተቀምጣለች። በሩ በተከፈተ ቁጥር ደሟ ይረጋል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። የፈራችው መሄዱን ነበር። እንዲህ ይሄዳል ብላ ግን አልፈራችም ነበር።

ዶክተሯ ወጣች። ረጋ ያለች ሴት ናት፤ ርጋታዋ የባሰ አስፈራ።

"ሰውነቱ ውስጥ ውሃም ጨውም አልቋል። ውሃ የሚያስወጣ ኪኒን ሲውጥ ሰንብቷል፤ ምግብ የሚባል አልቀመሰም። ልቡ ምቱን ስቶ ነበር፤ አሁን እየተመለሰ ነው። እስኪነቃ እናያለን።" ቀና አለችና "ማን ነው የሚያሠለጥነው?" አለች።

"እኔ ነኝ።"

"በቀን ስንት ካሎሪ እንዲያቃጥል አዘዝሽለት?"

"ሁለት መቶ።"

ዶክተሯ ግራ ገባት። "ሁለት መቶማ ሕፃን አይጎዳም" ብላ ተመለሰች። አሰልጣኟ ምነው በሰደበችኝ ብላ ተመኘች።

ያኔ የድብዬ ታላቅ እህት ደረሰች። እሱ "እታለም" የሚላት፣ እናትም አባትም ሆና ያሳደገችው ሴት ናት። ከምትሠራበት የፋብሪካው የልብስ መተኮሻ ክፍል ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ነው የመጣችው፤ የወንድሟን ቦርሳ ደረቷ ላይ አቅፋለች። አሰልጣኟ አጠገብ ተቀመጠች፤ ወንበሩ ተንቋቋ።

"አባታችንም እንዲህ ነው የሄደው" አለች። "ጭልፋውን እንደያዘ። በአርባ አራት ዓመቱ። ያ ሁሉ ውፍረት ልቡን አደከመው አሉን። ይኼ ልጅ ክብደት ልቀንስ ነው ሲለኝ ስለት የሰመረልኝ ነው የመሰለኝ። መርከቡስ ይሂድ ይቅር፤ ብቻ እሱ ይትረፍልኝ ብዬ ነበር።"

አሰልጣኟ አባቱ እንደሞቱ ታውቅ ነበር፤ እንዴት እንደሞቱ ግን ጠይቃው አታውቅም። ያ ከአምስት መቶው ላይ በእርሳስ የሰረቀችው ሦስት መቶ የመርከብ ጉዳይ ብቻ እንዳልነበረ አሁን ገባት።

እህቱ ቦርሳውን ከፈተች። ግማሹ ያለቀ የኪኒን ፓኬት፤ ለማላብ ከሸሚዝ ሥር የሚለበስ የላስቲክ ጃኬት፤ በላስቲክ የታሰሩ ካርዶች። ያለፉ ሳምንታት ካርዶች ናቸው፤ ሳምንቱ ሲያልቅ ይዟቸው ይሄድ ነበር፣ ይጥላቸዋል ብላ ታስብ ነበር።

"ማታ ማታ ላንቺ ነው የሚጽፈው" አለች እህቱ። "አይሰጥሽም እንጂ። እኔ ብዙም አላነብም። አንቺ አንብቢው።"

የመጀመሪያውን ገለበጠችው።

"ፊሽካ፣ አባትሽን ላነጋግር ሄጄ ነበር። በሩ ላይ እንዳቆሙኝ 'ጭልፋ ይዘህ ነው የዳኛ ልጅ የምትጠይቀው?' አሉኝ። አልተቀየምኳቸውም። ባሕር ላይ ሠርቼ፣ ሰው ሆኜ እመለሳለሁ አልኳቸው። ለአንቺ ያልነገርኩሽ በእኔና በአባትሽ መሃል እንዳትቆሚ ብዬ ነው። ስመለስ እነግርሻለሁ።"

ደግማ አነበበችው። የሚሄደው ለእሷ ነበር። እሷ ደግሞ ጥሏት ሊሄድ ነው ብላ ነው ያን ሁሉ ያደረገችው። የአምስተኛውን ሳምንት ካርድ አነሣች።

"ሚዛኑ እምቢ አለኝ። አንቺ የጻፍሽውን አንድም ቀን አላጎደልኩም። ስህተቱ ከእኔ ነው፤ ሥጋዬ እንደ ስሜ ድብ ሆኖ ነው። መተኮሻ ክፍል የሚሠራ አንድ ቦክሰኛ ክብደት የሚያወርድ ኪኒን አሳይቶኛል። ከነገ ጀምሮ አልቀምስም። ማሠልጠን አትችልም እንዳይሉሽ እፈራለሁ።"

የመጨረሻው ያለፈው ሳምንት ነው። ጽሕፈቱ ተንጋድዷል።

"ዛሬ ደረጃ ላይ ዐይኔ ጨለመብኝ። ለአንቺ አልነግርሽም፤ ትደነግጫለሽ። 'እንኳን ደስ አለህ' ያልሽኝ ቀን ፊትሽ አልሳቀም ነበር። እሱን ፊት ሳስብ ነው የምውለው።"

ካርዱን ፊቷ ላይ ደፋችው። እህቱ ምንም ሳትጠይቅ ያን በእንፋሎት የሻከረ እጇን ጀርባዋ ላይ አሳረፈች፤ ታጽናናታለች። አሰልጣኟ ምን እንዳደረገች ብታውቅ ይህን እጅ ታነሣው ነበር። ይህ ሐሳብ ከሁሉም በላይ አስፈራት።

* * *

ሊመሽ ሲል ነቃ። እህቱ ገብታ ግንባሩን ስማ፣ አልቅሳ፣ ተሳድባ ወጣች፤ "ያቺን ልጅ አስገቢያት" ብሏት ነው። ከወጥ ቤቱ የላኩለት ሾርባ ከነክዳኑ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አልነካውም።

አሰልጣኟ በሩ ላይ ቆመች። ክንዱ ላይ ቱቦ ተሰክቷል፤ ያ ትልቅ ፊቱ ጎድጉዷል። ቁጭ በዪ አላት። አልተቀመጠችም፤ ከተቀመጠች የምትለው እንደሚጠፋት አውቃለች።

"ሁለት መቶው ውሸት ነበር" አለች።

"የቱ ሁለት መቶ?"

"ካርድህ ላይ የጻፍኩት። በቀን አምስት መቶ ማቃጠል ነበረብህ፤ ከምግብህም መቀነስ። የመጀመሪያውን ቀን አስልቼዋለሁ፣ ደብተሬ ላይ አለ። ማንኪያውም ይቆጠር ነበር። አርባውም። ሁሉንም እያወቅኩ ነው።" አንድ እርምጃ ቀረበች። "ስህተቱ ካንተ አልነበረም። አንድም ቀን ካንተ አልነበረም።"

ድብዬ ጣሪያውን አየ። ጠብታው ሲንጠባጠብ ይሰማል። እሷ ደግሞ ጠበቀች፤ በሕይወቷ ፍርድ እንዲህ ጠብቃ አታውቅም፣ የዳኛ ልጅ ሆና እንኳ።

"አምስት መቶ" አለ በመጨረሻ። "እኔ እኮ የገዛ ሥጋዬን ስሳደብ ነው የከረምኩት።"

"አውቃለሁ። አነበብኩት።"

"ለምን ግን?"

"እንዳትሄድ።"

"አትሂድ ብትይኝስ?"

"ፈራሁ። 'ምን አገባሽ' ብትለኝስ ብዬ ፈራሁ።"

ወደ እሷ ዞረ። ዐይኑ ውስጥ ያለው ቁጣ ይሁን እንባ መለየት አልቻለችም። "አንገትሽ ላይ ፊሽካ ተሸክመሽ" አለ፣ "ለእኔ አንዴ መንፋት አቃተሽ?"

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና እንደ ልጅ አለቀሰች። "አባትህ እንዴት እንደሞቱ አላውቅም ነበር። ልገድልህ ነበር እኮ። ወድጄህ ልገድልህ ነበር።"

እሱ አላባበላትም። አልገፋትምም። ለቅሶዋ እስኪበርድ ጠበቀና "ካርድ ይዘሻል?" አለ።

ሁልጊዜ ኪሷ ውስጥ ባዶ ካርድ አይጠፋም። አወጣች።

"ጻፊ። ትክክለኛውን።"

እርሳሷን ያዘች። ምን እንደምትጽፍ ወዲያው አወቀችው፤ አውቃም ደነገጠች። ትክክለኛው ቁጥር አምስት መቶ አልነበረም። ልቡ ዛሬ ምቱን ለሳተ፣ ሁለት ሳምንት ላልበላ ሰው፣ ሙያውን የሚያውቅ ሰው የሚጽፈው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ያ ቁጥር ደግሞ ምርመራውን ያስቀርበታል። መርከቡን ያስቀርበታል። ሰባት ሳምንት ሙሉ በውሸት የፈለገችው ነገር ዛሬ በእውነት መጣ፤ እንዴት ብሎ ያምናታል? ውሸታም እውነት ሲናገር ማን ይሰማዋል? ቀድሞ ካርዱን ስትጽፍ አንድም ጊዜ አልሰረዘችም ነበር። አሁን ግን አንዲት ክብ ለመሥራት ሁለት ጊዜ ተሳሳተች።

ዜሮ።

ካርዱን ሰጠችው። "ለአንድ ወር ዜሮ ነው። ትተኛለህ፣ ትበላለህ። ከዚያ በመቶ እንጀምራለን፤ ዶክተሯ ስትፈቅድ ደግሞ ቀስ በቀስ ወደ አምስት መቶ። ማንኪያህን እየቆጠርን። የዘንድሮው መርከብ ያመልጥሃል። ለሚቀጥለው ግን እኔው ራሴ አደርስሃለሁ፤ ወደብ ድረስም ብትለኝ እሸኝሃለሁ። ለአባቴም መልሱን የምሰጠው እኔ ነኝ።" እርሳሱን ኪሷ ከተተች። "ባታምነኝ አልፈርድብህም። ዶክተሯን ጠይቃት። ማንንም ጠይቅ።"

ድብዬ ካርዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ አየው። ረጅም ጊዜ አየው። በሩን ብቻ እያየች ቆየች፤ ውጪ ቢላት ሮጣ ለመውጣት ተዘጋጅታለች።

እሱ ካርዱን ትራሱ ሥር ከተተው። ከዚያ ቱቦ በሌለበት እጁ የሾርባውን ክዳን አነሣ፣ ማንኪያውን አጠለቀ፣ ቀመሰ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ነው። አፉ ውስጥ አንከባለለው፣ ዐይኑን ጨፈነ፣ ፊቱን አጨማደደ።

"ጨው የለውም" አለ። "እነዚህ ልጆች አንድ ቀን ብለያቸው ጉድ ይሠራሉ።"

ሳቅ ይሁን ሲቃ የማይለይ ነገር ከደረቷ ወጣ።

ሁለተኛ ማንኪያ ቀዳ። ወደ አፉ ሲወስድ ቆም አለና ከማንኪያው በላይ አያት፤ ከሰባት ሳምንት በፊት በዚያ ደረጃ ወጥቶ ያያት እንደዚሁ ነበር።

"ፊሽካ" አለ፣ "ይህ ይቆጠራል?"

"ይቆጠራል" አለች። "ሁሉም ይቆጠራል።"